ባሕሩ ከኋላችን ሲሞላ

ባሕር በዓይኔ ያየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ያደግሁት ደጋ ነው። በሰፈራችን ሥር የሚያልፈው ወንዝ አንድ ክረምት የጎረቤታችንን ልጅ ስለወሰደ፣ እናቴ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ እንዳልገባ አስምላኛለች። ቃሌን ጠብቄ ጎልማሳ ሆንኩ። ድንበር ተሻግሬያለሁ፣ መጠለያ ጣቢያ ኖሬያለሁ፣ ባላሰብኩት አገር ቤት ገዝቼ ልጅ አሳድጌያለሁ። ዋና ግን አልችልም ነበር። አለመቻሌም አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብን የምንኖረው አሁን ባለንበት፣ አሜሪካ አትላንታ አጠገብ ባለችው በስኔልቪል ነው። እኔ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ባለቤቴ ሂሩት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ናሆም የሚባል እዚሁ የተወለደ የስድስት ዓመት ልጅ አለን። በዚያ ዓመት የዚህ አገር ብርድ ሳይወጣ ደግሞ ቃልኪዳን መጣች።

ቃልኪዳን የመጀመሪያ ልጄ ናት። እናቷ በሕመም ስታርፍ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነበር። አያቷ፣ የእናቷ እናት፣ ሐዋሳ ወስደው አሳደጓት። እኔ መጀመሪያ ኬንያ፣ ከዚያም እዚህ በስደተኛነት ደረስኩ። እሷን ለማምጣት የጀመርኩት ፕሮሰስ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ምክንያት እየተጓተተ ዓመታት በላ። ኤርፖርት ስቀበላት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በስልክ የማውቀው ድምፅ ትከሻዬ ድረስ የሚደርስ ቁመት ይዞ መጣ።

ጨዋ ልጅ ናት። ጨዋነቷ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ናሆም “ዳዲ፣ ና እዚህ” ሲለኝ፣ እሷ “አባባ፣ ምሳ ይብሉ” ትለኛለች። ውሃ ለመጠጣት እንኳ ፍሪጅ ከመክፈቷ በፊት ታስፈቅዳለች። ጠዋት ስትነሳ አልጋዋን ሰው ያልተኛበት አስመስላ ታነጥፋለች። ምን ትፈልጊያለሽ ብትሏት መልሷ አንድ ነው፦ “እንደፈለጉ።”

አንድ ቀን ሂሩት ሰሃን እያጠበች፣ “ይህች ልጅ ቤቷ የገባች አይመስላትም” አለችኝ። “እንግድነት እንደመጣች ነው የምታስበው። መቼ እንደምንሸኛት እየጠበቀች ያለች ነው የሚመስለኝ።”

ያጠበችውን ሰሃን ተቀብዬ አደረቅኩ።

ትምህርት ሲዘጋ ናሆም ዓሣ ካላጠመድን ብሎ ቤቱን አመሰው። የክፍል ጓደኛው ከአባቱ ጋር ባሕር ዳር ሄዶ ያጠመደውን በቪዲዮ አሳይቶታል። ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ገዛሁ። ሂሩት ደብል ሺፍት ሠርታ እረፍት አመቻቸች። አርብ ተነስተን ሳቫና ከተማ አድረን፣ ቅዳሜ ጠዋት ታይቢ የምትባለው ደሴት ደረስን።

መንገድ ላይ፣ በረግረጉ መሐል የሚያልፈውን ድልድይ ስንሻገር ቃልኪዳን መስኮቱን አወረደችና የጨውና የጭቃ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበች። በመስታወቱ አየኋት። ከመጣች ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲፈታ አላየሁም ነበር።

“ባሕር ደስ ይልሻል?” አልኳት።

“አዎ አባባ” አለችና መስኮቱን መልሳ ዘጋች። ያጠፋች መስሏት ነው።

ለዓሣ የምንሰጠውን ሽሪምፕ የሚባል በረዶ የሆነ ትንሽ የባሕር እንስሳ የሸጡልኝ ሽማግሌ ፈረንጅ መልሱን እየሰጡኝ “ዋች ዘ ታይድ” አሉኝ። እኔ “ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ” እንደማለት ቆጥሬው አመስግኜ ወጣሁ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል ከትምህርት ቤት አውቃለሁ። በዚያ ዳርቻ ግን ሲሞላ ከሰው ቁመት በላይ እንደሚነሳ የነገረኝ የለም። ሽማግሌው “ሙላቱን ተጠንቀቅ” ሲሉ ሊነግሩኝ የፈለጉት እሱን ነበር።

መኪናውን ፓርክ አድርገን በደሴቷ ጀርባ በኩል፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ጸጥ ያለ ቦታ ሄድን። ውሃው ጎድሎ ከፊታችን ሰፊ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ብሏል። በእኛና በጉብታው መካከል ያለው ውሃ ከጉልበት በታች ነው። ጥቂት ሰዎች ማዶ ተሻግረው ይራመዳሉ። ሂሩት ቀይ ጥላዋን ተክላ ገና ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ስልኬ ውሃ እንዳይነካው ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩትና ዘንጎቹን፣ ሽሪምፑንና ኩለሩን፣ በረዶና ለስላሳ የሞላንበትን ትልቁን ሣጥን፣ ይዘን ከልጆቹ ጋር ተሻገርን።

ማጥመዱ መጀመሪያ አልሆነልኝም። መንጠቆው ላይ የሰካሁት ሽሪምፕ በወረወርኩት ቁጥር እየተፈናጠረ ለወፎች ሲሳይ ሆነ። ናሆም ይስቃል። በመጨረሻ ቃልኪዳን ቀስ ብላ መጣችና መንጠቆውን ከእጄ ተቀብላ ሽሪምፑን ከጅራቱ ጀምራ ሰካችው።

“ማን አስተማረሽ?”

“እዚያ ሲያደርጉ አይቼ ነው” አለች፣ ቀና ሳትል።

ብዙም ሳይቆይ የናሆም ዘንግ ጎበጠ። አብረን ስንስበው ጢም ያለው፣ የሚያዳልጥ ዓሣ ወጣ። ናሆም ሊይዘው ሲዘል እጁን ቀጨም አደረገችው።

“አትንካው ናሆምዬ፣ ይወጋል። አምባዛ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ጋ እሾህ አለው” ብላ በፎጣ ጠቅልላ ከመንጠቆው አላቀቀችውና ኩለሩ ውስጥ ጨመረችው።

ከዚያ በኋላ ዓሣው መብላት ጀመረ። ለካ ዓሣ አብዝቶ የሚበላው ውሃው ሊሞላ ሲመለስ ነው። እኛ በያዝን ቁጥር እንደሰታለን፣ በተደሰትን ቁጥር እንቆያለን። ሌሎቹ ሰዎች አንድ በአንድ እየተሻገሩ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ፤ ምሳ ርቧቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ባሕሩ እያጫወተ ከበበን።

የነቃው ናሆም ነው።

“ዳዲ፣ የኛ ሳንድ ትንሽ ሆነ” አለኝ፣ የቆምንበትን አሸዋ እያሳየኝ።

ዞር አልኩ። የመጣንበት ውሃ የለም። በምትኩ ቡናማ ወንዝ ይወርዳል፤ ሰፍቷል፣ በጎን በኩል ወደ ውስጥ ይነዳል። ማዶ ቀዩ ጥላ የአበባ ያህል ሆኖ ይታየኛል። “ሂሩት” ብዬ ተጣራሁ። ደጋግሜ ተጣራሁ። ነፋሱ ከፊቴ ስለሚመጣ ድምፄ ወደ ጀርባዬ ነው የሄደው። ባሕሩ ዳር ሌላ ሰው አይታይም።

ናሆምን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። ውሃው ጭኔ፣ ወገቤ፣ ደረቴ ደረሰ። ሌላ እርምጃ ሳነሳ እግሬን ሰው የጎተተው ያህል ወሰደው። እንዴት ሚዛኔን ጠብቄ እንደተመለስኩ አላውቅም። አሸዋው ላይ ስወጣ ናሆምን ከትከሻዬ አወረድኩት። ናሆም ማልቀስ ጀመረ። “አይዞህ” ስለው የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቃልኪዳን አላለቀሰችም። ውሃውን እያየች ቆማለች። ባዶውን የሽሪምፕ ዕቃ አንስታ ወረወረችውና ወዴት እንደሚሄድ በዓይኗ ተከተለችው። ዕቃው መጀመሪያ በፍጥነት ወደ ጎን ተነዳ፤ ከዚያ ዳርቻው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ቀስ እያለ ወደ ማዶው ተጠጋ።

“አባባ፣ እርስዎ ዋና ይችላሉ?”

“አልችልም።”

“እኔ እችላለሁ” አለችኝ፣ የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ እንደማለት አድርጋ። “ብቻዬን ተሻግሬ እትዬ ሂሩትን ልጥራ?”

“የትም አትሄጂም።”

የተናገርኩት በቁጣ ነበር። በዚያች ሰዓት የታየኝ አያቷ ናቸው። ሊሸኙልኝ ሲሉ በስልክ “አደራህን” ነበር ያሉኝ፤ ሌላ አላሉም።

“እዚሁ እንቆይ” አልኩ። “አንድ ሰው ያየናል። ሂሩትም ትነቃለች።”

ቃልኪዳን ወደ መሬት አየች። ከእግራችን በታች የነበረው ደረቅ አሸዋ ማብረቅረቅ ጀምሯል። ቀጥሎ የሆነውን መቼም አልረሳውም፤ እንደፈለጉ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኔን አይታ፣ “አይሆንም አባባ” አለችኝ። “በቆየን ቁጥር ውሃው ይሰፋል። ናሆም እዚህ መቆም ሳያቅተው በፊት አሁኑኑ ነው መሄድ ያለብን። ኩለሩ ይንሳፈፋል። እኛ ሰፈር ዋና የሚለመደው በባዶ ጀሪካን ነው፤ አንድ ነው።”

ኩለሩን ገለበጠችው። በረዶው፣ ለስላሳው፣ የናሆም ዓሦች ሁሉ ፈሰሱ። ናሆም ዓሦቹ ሲሄዱ አይቶ እንኳ አልተቃወመም። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ናሆምን በሆዱ ክዳኑ ላይ አስተኛችው። አንዱን እጀታ እኔ፣ ሌላውን እሷ ያዝን።

“መሬቱ ሲጠፋብዎ አይፍሩ” አለችኝ። “እግርዎን ብቻ ይምቱ። ውሃውን አይታገሉት፤ ወደሚወስደን እየሄድን ቀስ ብለን ወደ ማዶ እንጠጋለን። ትንፋሽዎን ያዝ አድርገው፣ አፍዎን ይዝጉ።”

አማተብኩና ገባን።

መሬቱ ድንገት ጠፋ። አእምሮዬ የሰማውን ምክር ሁሉ ረሳው። እጀታውን ለቅቄ በአቅራቢያዬ ያለውን ነገር ያዝኩ፤ ያ ነገር የልጄ አንገት ነበር። አብረን ሰመጥን። ጨው አፍንጫዬን ሲያቃጥለው፣ ጆሮዬ ሲደነቁር፣ እሷ ከሥሬ ስትታገል ይሰማኛል። አጥብቄ ያዝኳት። ብቅ ስንል ጆሮዬ ላይ ጮኸች፦

“ልቀቀኝ! አባዬ ልቀቀኝ፣ ሣጥኑን ያዝ!”

ሁለት አህጉር አቋርጬ ያገኘኋትን ልጅ በገዛ እጄ መልቀቅ። ልቤ እምቢ አለ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ የሚያባብል ነገር አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። እሷ ወደ ጎን ተስባ ወጣችና ኩለሩን በአንድ እጇ ገፍታ ደረቴ ላይ አስጠጋችልኝ። ያዝኩት። እውነትም ተንሳፈፈ፤ እኔም አብሬው።

“ኪክ ዳዲ፣ ኪክ” ይላል ናሆም ከላዬ ሆኖ። እግርህን ምታ ማለቱ ነው፤ መዋኛ ፑል ውስጥ አስተማሪው ለእሱ የሚለውን። መታሁ። ቃልኪዳን በአንድ እጇ እየዋኘች አፏን አልዘጋችም። “ናሆምዬ፣ እኔን እይ። አባዬ፣ ጎበዝ፣ እንደሱ። ቀና አትበል። እየደረስን ነው” ትላለች። እየደረስን አልነበረም። ቀዩ ጥላ ከፊታችን መጣ፣ በጎናችን አለፈ፣ ወደ ኋላችን ራቀ። ጥላው ሲርቅ ያየሁበት ያ ጊዜ ከመስመጡ ይብስ ነበር። ልጄ ግን ወደዚያ አልተመለከተችም። ዕቃው የተጠጋበትን መታጠፊያ ነበር የምታየው።

ጉልበቴ ዝሎ እግሬ መውረድ ሲጀምር ጣቴ ጭቃ ነካ። መጀመሪያ አላመንኩም። ሁለተኛ ሲነካኝ ቆምኩ። ውሻቸውን ይዘው ይራመዱ ከነበሩ ባልና ሚስት ሰውዬው ከነጫማው ወገቡ ድረስ ገብቶ ኩለሩን ከነናሆም ጎተተልን። ሚስትየው ሹራቧን አውልቃ ናሆምን ጠቀለለችው። ቀና ስል ሂሩት በባዶ እግሯ በዳርቻው እየሮጠች ናት። ነቅታ ባዶ ባሕር አይታ፣ ከዚያ ውሃው ሲወስደን አይታለች።

መጀመሪያ ያቀፈችው ናሆምን አልነበረም። በእሱ አጠገብ አልፋ ቃልኪዳንን ያዘቻትና ጭንቅላቷን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። ያን ጊዜ ልጄ አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ አልቅሳ አታውቅም፤ አያቷ ሲናፍቋትም፣ ቋንቋው ሲከብዳትም፣ ትምህርት ቤት ብቻዋን ምሳ ስትበላም። አሁን ግን እንደ ሕፃን፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ ሂሩት ላይ ተንጠልጥላ አለቀሰች። እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጬ የዋጥኩትን ጨው እያስመለስኩ አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ የመኪናውን ኋላ ከፍተን፣ ፎጣ ለብሰን ሳንድዊች በላን። ናሆም ከመብላቱ እንቅልፍ ጣለው። ሂሩት የቃልኪዳንን ፀጉር በማበጠሪያ አሸዋውን ታራግፋለች።

“ዋናውን የት ተማርሽ?” አልኳት።

“ሐይቁ ጋ ነዋ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ። አያቴ አታውቅም፤ ልብሴን አድርቄ ነበር የምገባው።”

“ጉማሬ አለ አይደል እንዴ እዚያ?”

“ጉማሬው የሚመጣበትን ሰዓት እናውቃለን” አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ፊቷ ሳቀች። “እዚህ እኮ ጉማሬም የለ። ውሃ ብቻ ነው።”

“ይህን ሁሉ ዓመት ስንደዋወል ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቅከኝም እኮ። ሁልጊዜ ትምህርት እንዴት ነው ነበር የምትለኝ።” ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ይቅርታ አባባ፣ አንተ አልኩ። ውሃው ውስጥም...”

“ተዪው” አልኳት። “አንተ በዪኝ። ውሃው ውስጥ እርስዎ እያልሽ ቢሆን ኖሮ ሳትጨርሺው እሰምጥ ነበር።”

ሂሩት ማበጠሪያውን ይዛ ሳቀች፤ ቃልኪዳንም ሳቀች። እኔ ግን የነገረችኝ ነገር ውስጤ ቀረ። በስልክ የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበር፤ የምትመልሰውም “ደህና ነው” የሚል አንድ መልስ ነበር። በዚያች “ደህና ነው” ጀርባ ሐይቅ ነበር፣ ጀሪካን ነበር፣ ጓደኞች፣ የጉማሬ ሰዓት፣ ከአያት የተደበቀ ሙሉ ሕይወት ነበር። እኔ የጫማዋን ቁጥር አውቅ ነበር፤ በየዓመቱ እየጠየቅኩ ስለምልክ። ያመጣኋት ልጅ ማን እንደሆነች ግን የተዋወቅኩት ያን ቀን ውሃ ውስጥ ነው። ወደ አትላንታ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስጠይቃት፣ ስትመልስልኝ፣ አንዳንዴ እሷም መልሳ ስትጠይቀኝ ነበር። ስለዚያ የጎረቤት ልጅና ስለ እናቴ መሐላ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእሷ ነገርኳት።

“አያቴ ብታውቅ እኔንም ታስምለኝ ነበር” አለች። “ደግነቱ አላወቀችም።”

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ በተለይ እንደኔ ከደጋ መጥታችሁ ልጆቻችሁን በየበጋው ባሕር ዳር የምትወስዱ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አሸዋው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ስልክ ላይም ይገኛል፣ ዳርቻው ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቻችሁን ዋና ስታስተምሩ ደግሞ ራሳችሁ ከጎን ተቀምጣችሁ ስልክ አትነካኩ፤ አብራችሁ ግቡ። እድሜዬ አልፏል አትበሉ።

ሩቅ አገር ያለ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ስትደውሉ ስለ ትምህርቱ ብቻ አትጠይቁ። ዛሬ ከማን ጋር ሳቅሽ፣ ምን አስፈራሽ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በየት በኩል ነው የምትሄጂው በሏት። ልጅ ባልተጠየቀበት በኩል ነው የሚያድገው።

እኔ አሁን በየቅዳሜው ጠዋት የአዋቂዎች የዋና ክላስ እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ከእኔ ይሻላሉ። በጀርባዬ መንሳፈፍ ችያለሁ። ፊቴን ውሃ ውስጥ መክተት አሁንም ይከብደኛል። ቃልኪዳን ጠርዙ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውሃ ውስጥ እያወዛወዘች ታርመኛለች፤ ከአስተማሪው ይልቅ እሷ ትከፋለች።

ባለፈው አርብ ተጣላን። ሮዝዌል የሚኖር የክፍሏ ልጅ ልደት ላይ ልደር አለች፤ ማደር አይቻልም አልኳት። ተከራከረችኝ፣ ለናሆም የፈቀድኩትን ሁሉ ቆጠረችብኝ፣ በመጨረሻ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ወረወረችው። ሂሩት “ተው፣ አትከተላት” አለችኝ። አልተከተልኳትም። ሳሎን ተቀምጬ ለራሴ ሳቅኩ፤ ለምን እንደምስቅ ሌላ ሰው ቢያየኝ አይገባውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ተኝቼ ሳለሁ የመኝታ ቤቴ በር ተንኳኳ። ፎጣዬን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች።

“አሁንም አኩርፌሃለሁ” አለችኝ። “ግን ክላስህ እየረፈደ ነው፤ ተነስ።”

ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ፑሉ ጋ ስንደርስ ግን ከእኔ ቀድማ ገባችና እጇን ዘረጋችልኝ።